ሰውየው መቼ ነው የተጠመቀው?

የትርጉም ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ አይሁዳዊ ዳኛ አጠመቅሁ።

ቀልዴን አይደለም። የዳኛውን የሕይወት ታሪክ ከእንግሊዝኛ እየመለስኩ ነበር። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ሰውየው «ካቶሊክ ቴስት» እንደነበረው ይናገራል፤ «ቴስት» የሰው ምርጫ፣ የሚወደው ነገር ማለት ነው። ቀጥሎ የሚወዳቸውን ነገሮች ይዘረዝራል፦ ቼዝ፣ የዱር አበባ፣ ጃዝ፣ የወንጀል ምርመራ ልቦለድ። ዝርዝሩ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ቆም ብዬ አላሰብኩም። ቀነ ገደቡ ደርሷል፣ እንቅልፌ መጥቷል። እጄ ከጭንቅላቴ ቀድሞ «ጽኑ ካቶሊክ ነበር፤ ቼዝና ጃዝም ይወድ ነበር» ብሎ ጻፈ።

ገጽ 60 ላይ ያው ሰውዬ ልጆቹን ይዞ ምኩራብ ገባ። እኔም ምንም ሳይመስለኝ አስገባሁት።

ረቂቁን የሚያርሙልን ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ገጽ 60 ጥግ ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በዚያ ክብ ክብ በሚለው ፊደላቸው አንድ መስመር ተጽፏል። «አንቺ ልጅ፣ ይኼ ሰውዬ መቼ ነው የተጠመቀው? መቼስ ነው የተመለሰው?»

በሳቅና በእፍረት መሐል ሆኜ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። በእንግሊዝኛ ቃሉ በትንሹ ፊደል ሲጀምር ሁሉን አቃፊ፣ ዓይነቱ ብዙ፣ አድማሱ ሰፊ ማለት ነው። በትልቁ ፊደል ሲጀምር የአንድ ቤተ ክርስቲያን ስም ይሆናል። ዳኛው ባለ ትንሹ ፊደል ነበር። ካቶሊክ አልነበረም፤ ያልገባበት ነገር የሌለ ሰው ነበር እንጂ።

የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። «ካ» ሁልጊዜ «ካ» ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ በአንዲት ፊደል ቁመት የሚለየውን ነገር እኛ የምንለይበት ምልክት የለንም። ያኔ ይኼን እንደ ጉድለት ነበር ያየሁት። ዛሬ ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ እንዴት እንደቀየርኩ ልንገራችሁ።

በነገራችን ላይ ካቶሊክ አይደለሁም። ይህን ጽሑፍ ሃይማኖት ለመከራከር ብሎ የመጣ አንባቢ ካለ ቶሎ ይሰለቸዋል። እኔን የያዘኝ ቃሉ ነው።

ቃሉ የግሪክ ነው። ከሁለት ቁራጭ የተሠራ ነው፦ «ካታ» እና «ሆሎስ»። ሁለቱ ሲገጥሙ «ካትሆሉ» ይሆናሉ፤ በጥቅሉ፣ በሙሉነቱ፣ ከነመላው እንደማለት። ከክርስትና በፊት የሊቃውንት መደበኛ ቃል ነበር። አርስቶትል ነገሮችን ለሁለት ሲከፍል ይጠቀምበታል። «ሰው» የሚለው ስም ለብዙዎች የሚነገር ነውና ካትሆሉ ነው። «ካልያስ» የሚለው ግን የአንድ ግለሰብ ስም ነውና ካትሆሉ አይደለም። በቃ፣ ይህን ያህል ደረቅ የትምህርት ቤት ቃል ነበር። ዕጣን ዕጣን አይሸትም።

ግን እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉልኝ። ግሪክ «ሁሉ» ለማለት ሌላ ቃል አለው፤ «ፓስ» ይላል። «ሆሎስ» ግን ሁሉ ሳይሆን ሙሉ ነው። በአማርኛ ሁለቱ በአንዲት ፊደል ነው የሚለያዩት፤ ሁሉ እና ሙሉ። ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው። ሁሉም ሰው ስል እቆጥራለሁ፤ ይኼ፣ ያ፣ እነዚያ፣ አንድም ሳይቀር። ሙሉ ሰው ስል ግን አልቆጥርም። አንድ ሰው ብቻውን ሙሉ ሊሆን ይችላል። አሥር ሺህ ሰው ተሰብስቦም የጎደለው ነገር ሊኖር ይችላል።

ካቶሊክ ከሁለቱ የትኛው ነው? ሁሉ ወይስ ሙሉ? ቃሉን ከያዙት ሰዎች ብዙዎቹ በዚህች አንዲት ፊደል ነው ሲነታረኩ የኖሩት። መዝገበ ቃላቱ «ዓለም አቀፋዊ» ብሎ ሲያልፍ ክርክሩን ለአንዱ ወገን ፈርዶ ነው የሚያልፈው።

ቃሉን ከቤተ ክርስቲያን ጋር አያይዞ ጽፎ በእጃችን የደረሰ የመጀመሪያው ሰው የአንጾኪያው ኤጲስ ቆጶስ አግናጥዮስ ነው። ዘመኑ የ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሰውየው እስረኛ ነው። ለአራዊት ሊሰጥ ወደ ሮም እየተወሰደ ነው። የሚጠብቁትን አሥር ወታደሮች «አሥር ነብሮች» ይላቸዋል፤ ደግ ነገር ሲደረግላቸው ይብስባቸዋል ብሎም ያማርራል። መንገድ ላይ፣ ጢሮአዳ በምትባል ወደብ፣ ለሰምርኔስ ክርስቲያኖች ደብዳቤ ጻፈ። ኤጲስ ቆጶሱ ባለበት ሕዝቡም ይኑር፤ ኢየሱስ ክርስቶስ ባለበት በዚያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን እንዳለች ሁሉ፣ ይላል።

አንድ ነገር አስተውሉ። ቃሉን አይተረጉመውም። «ካቶሊካዊት ስል ይህን ማለቴ ነው» አይልም። አንባቢዎቹ ያውቁታል ብሎ ነው የሚያልፈው። የሚጽፈው ደግሞ የመንግሥት ጠባቂ ሆኖ ሳይሆን የመንግሥት እስረኛ ሆኖ ነው። ያኔ ክርስቲያኖች በዓለም ዙሪያ ቢቆጠሩ ስንት ይሆኑ ነበር? በዚያ ቁጥር «ሁሉ» ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። «ሙሉ» ለማለት ግን ቁጥር አያስፈልግም።

ወደ 50 ዓመት ገደማ ቆይቶ የዚያችው የሰምርኔስ ኤጲስ ቆጶስ ፖሊካርጶስ በሰማዕትነት ሞተ። የሞቱን ታሪክ የጻፉት ሰዎች ቃሉን በሁለት መንገድ ይጠቀሙበታል። አንድ ቦታ «በዓለም ሁሉ ያለችው ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን» ይላሉ። ሌላ ቦታ ፖሊካርጶስን «በሰምርኔስ ያለችው ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ኤጲስ ቆጶስ» ይሉታል። ቃሉ «ዓለም አቀፍ» ማለት ብቻ ቢሆን ሁለተኛው አነጋገር «በአንድ ከተማ ያለች ዓለም አቀፍ» ይሆንብን ነበር። ጋሼ ቢያገኙት በቀይ ያሰምሩበታል።

ከዚያ በኋላ ቃሉ አድራሻ መሆን ጀመረ። የኢየሩሳሌሙ ቄርሎስ በ350 ገደማ ለተጠማቂዎች ሲያስተምር የሚሰጠው ምክር ያስቀኛል። ወደ ማታውቁት ከተማ ስትሄዱ «የጌታ ቤት የት ነው?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ መናፍቃኑም የራሳቸውን እንዲሁ ነው የሚጠሩት። «ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የት ናት?» በሉ፣ ይላቸዋል። ባለ ታክሲ እንዳያሳስታቸው የሚመክር ወንድም ይመስላል። ያው ቄርሎስ ቃሉን ሲፈታ ግን ሁሉንም ሙሉንም አንድ ላይ ያስቀምጣል፦ ከምድር ዳር እስከ ዳር ስላለች፣ ትምህርቷ ሳይጎድል ስለምታስተምር፣ ማንኛውንም ዓይነት ሰው ስለምትመራ፣ ማንኛውንም ዓይነት ኃጢአት ስለምትፈውስ። አልመረጠም። ጎበዝ መምህር ነው።

የሰሜን አፍሪካው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስም ይህንኑ የመንገድ ጥያቄ ያነሳል። መናፍቃን ሁሉ ካቶሊክ መባል ይፈልጋሉ ይላል። ነገር ግን እንግዳ ሰው መጥቶ «ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የምትሰበሰበው የት ነው?» ቢላቸው አንዳቸውም ወደ ራሳቸው ቤት አይጠቁሙም። የብልጥ ክርክር ናት። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ሳይሆን ጣት ወዴት እንደሚጠቁም ነው ያየው። ስም ማለትም ይኼው ነው።

ግን አውግስጢኖስም ከዚያች ከአንዲቷ ፊደል ክርክር አላመለጠም። እዚያው ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ከእሱ ቤተ ክርስቲያን የተለዩ፣ ዶናቲስት የሚባሉ ክርስቲያኖች ነበሩ። አውግስጢኖስ «እናንተ ያላችሁት አፍሪካ ብቻ ነው፤ ካቶሊክ ማለት ደግሞ ከዓለም ሁሉ ጋር ኅብረት ያለው ነው» ይላቸዋል። ከእነሱው ወገን የሆነ ቪንሴንት የሚባል ሰው ደግሞ ይመልሳል። ካቶሊክ የተባለው ዓለምን ስለሞላ አይደለም፤ ትእዛዛቱን ሁሉና ምሥጢራቱን ሁሉ በሙላት ስለሚጠብቅ ነው እንጂ ይላል። ይህን የምናውቀው አውግስጢኖስ ሊረታው ብሎ በደብዳቤው ስለጠቀሰው ነው። የሰውየው ወገን ትንሽ ነበር፣ ተሸነፈ፣ ጠፋ። በሰዋስው ብቻ ቢዳኝ ኖሮ ግን ያን ያህል የሚሸነፍ አልነበረም። «ሙሉ» ብሎ ነበር የያዘው።

በመሐሉ መንግሥት ገባ። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 380 ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር አዋጅ አወጣ። የሮሙ ጳጳስ ዳማሱስና የእስክንድርያው ጳጳስ ጴጥሮስ የሚከተሉትን ሃይማኖት የያዙ «ካቶሊክ ክርስቲያኖች» የሚለውን ስም እንዲይዙ አዘዘ። የቀሩትን ደግሞ እብድ ብሎ ፈረደባቸው፤ ቃሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ሮምና እስክንድርያ እዚህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል። ከ71 ዓመት በኋላ በኬልቄዶን ጉባኤ ሊለያዩ ነው። እስረኛው አግናጥዮስ በደብዳቤ የላከው ቃል ግን በዚያች ቀን የሕግ ቃል ሆነ። ሕግ ደግሞ «ማን ነው ውጭ ያለው?» ብሎ ነው የሚጀምረው።

በዚያው ዘመን የባርሴሎናው ኤጲስ ቆጶስ ፓክያን «ክርስቲያን ስሜ ነው፤ ካቶሊክ ደግሞ መለያ ስሜ» ብሎ ጻፈ። በእኛ አጠራር ብትሰሙት «ስሜ ክርስቲያን፣ የአባቴ ስም ካቶሊክ» ያለ ይመስላል። መምህሩ «ክርስቲያን!» ብሎ ሲጠራ አምስት ልጅ እጁን ካወጣ የአባት ስም ያስፈልጋል። የቃሉ ዕጣ ይኼ ሆነ። ሁሉን ለመሰብሰብ የተሠራ ቃል ከሌላው ለመለያ ዋለ።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ስህተቴን ካረምኩ በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ቢሯቸው ሄድኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ጸሎተ ሃይማኖትን በግዕዝ ማለት ጀመሩ። በልጅነታቸው ዲያቆን ነበሩ። «ወነአምን በአሐቲ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እንተ ላዕለ ኵሉ ጉባኤ ዘሐዋርያት።» ቆም አሉ። «ካቶሊክ የሚለው የት አለ?» አሉኝ። የለም አልኳቸው። «እንዴት ይጠፋል? ግሪኩ አንዲት፣ ቅድስት፣ ካቶሊካዊት፣ ሐዋርያዊት ብሎ አራት ነገር ይላል። ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ። አሐቲ። ቅድስት። ዘሐዋርያት። የቀረው «እንተ ላዕለ ኵሉ» ነው።

ለዓመታት ስሰማው የኖርኩት ቃል እዚያው ነበር። የግዕዝ ተርጓሚዎች ቃሉን እንደ ስም አላሻገሩትም፤ ፈቱት። በኋላ ጊዜ የነገረ ሃይማኖት መጻሕፍት «ኵላዊት» የሚል አጭር ቃል ሠርተውለታል፤ እሱም ከዚያው ከ«ኵሉ» ነው። ስለዚህ በእኛ ቋንቋ «ካቶሊክ» እና «ኵላዊት» የማይተዋወቁ ሁለት ቃላት ሆነው ኖሩ። አንዱ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ስም፣ ሌላው የእምነት ቃል። መንትዮች መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ብዙ አይደለም። ትልቅና ትንሽ ፊደል የሌለን ለካ ስለማያስፈልገን ነው።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። «ላዕለ ኵሉ» በአማርኛ «ከሁሉ በላይ» ተብሎ ይነገራል። «ከሁሉ በላይ» ስንል አማርኛ ጆሯችን የሚሰማው ብልጫን ነው፤ ከሌላው መብለጥ፣ ከላይ መቀመጥ። ግዕዙ «ላዕለ» ግን «በ…ላይ» ማለትም ነው። ዝናብ በአገር ላይ እንደሚወርድ፣ ሰማይ በሁሉ ላይ እንደተዘረጋ። በእኔ አነባበብ «እንተ ላዕለ ኵሉ» በሁሉ ላይ የተዘረጋች ናት እንጂ ሁሉን የምትበልጥ አይደለችም። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ዝም ብለው አዩኝና «ሊቃውንቱን ጠይቂ» አሉኝ። እሺም እንቢም አላሉም።

ሌሎች ቋንቋዎች ምን አደረጉት? ይህን መልቀም ሱስ ሆነብኝ። ዐረብኛ እንደኛ ሁለት ቃል አለው። ቤተ ክርስቲያኗን በስሟ ሲጠራ «ካቱሊኪያ» ይላል። በጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ ግን «ጃሚዓ» ይላል፤ የምትሰበስብ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲም ጃሚዓ ነው። የስላቭ ቤተ ክርስቲያን «ሶቦርናያ» አለች፤ እሱም ከመሰብሰብ፣ ከጉባኤ ነው። የቻይና ካቶሊኮች ሃይማኖታቸውን «የሰማይ ጌታ ትምህርት» ብለው ይጠሩታል፤ በስሙ ውስጥ ሁሉም ሙሉም የለም። በጸሎቱ ውስጥ ግን ቤተ ክርስቲያንን እጅግ የጋራ የሆነች የሚል ስሜት ባለው ቃል ይገልጿታል። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ሉተር ደግሞ በጀርመንኛ የሐዋርያትን የእምነት ቃል ሲያስተምር «ቅድስት ክርስቲያናዊት ቤተ ክርስቲያን» ብሎ አለፈው። አጠቃቀሙን የጀመረው እሱ አይደለም፤ ከእሱ በፊትም የነበረ የጀርመን አጠራር ነው። በእሱ ዘመን ግን ምርጫው ሌላ ትርጉም ያዘ።

ከሁሉም የሚገርመኝ ካቶሊክ ያልሆኑት ቃሉን አለመልቀቃቸው ነው። የምሥራቅ ኦርቶዶክሶች ዛሬም ራሳቸውን ካቶሊካዊት ይላሉ። የግሪክ ገዳም ዋናው ቤተ ክርስቲያን «ካቶሊኮን» ይባላል። የአርመን ቤተ ክርስቲያን መሪ ማዕረጉ «ካቶሊኮስ» ነው፤ ከሮም ጋር ግን ኅብረት የለውም። (ይህ ማዕረግ በሮማውያን አስተዳደር ውስጥ የገንዘብ ሹም መጠሪያም ነበር። ቃላት የት የት እንደሚውሉ!) አንግሊካኖች በጸሎት መጽሐፋቸው «ቅድስት ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን» ይላሉ።

አንድ ጊዜ ጓደኛዬ ወደምትሄድበት የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤት በእንግድነት ሄድኩ። ሲገባ የሚታደል የታጠፈ ወረቀት አለ። የሐዋርያት የእምነት ቃል በእንግሊዝኛ ታትሞበታል። «ካቶሊክ» የሚለው ቃል ትከሻ ላይ አንዲት ትንሽ ኮከብ አለች። ዓይኔ ኮከቧን ተከትሎ ወደ ግርጌ ወረደ። በደቃቃ ፊደል «ዓለም አቀፋዊት ማለት ነው» ይላል። ጉባኤው በአንድ ድምፅ እያለው እኔ ኮከቧን ነበር የማየው። ቃሉን ሊተዉት አልፈለጉም፤ የአባቶች ቃል ነውና። ሲሉት ደግሞ ትንሽ ይቆረቁራቸዋል። የአምስት መቶ ዓመት ጠብ አንዲት ኮከብ ላይ ተንጠልጥሏል።

ካቶሊኮቹም ቢሆኑ በስማቸው ይጨነቃሉ። አንዲት ካቶሊክ ወዳጅ አለችኝ፤ በግዕዝ ሥርዓት የምትቀድስ ቤተ ክርስቲያን ናት ያሳደገቻት። ሰው «ሮማን ካቶሊክ ነሽ አይደል?» ሲላት ፊቷ ይቋጠራል። «ካቶሊክ ነኝ፤ ሮማን የሚለውን ማን ጨመረብኝ?» ትላለች። እውነቷን ነው። ከሮሙ ጳጳስ ጋር ኅብረት ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት 24 ናቸው። የላቲን ሥርዓት የምትከተለው አንዷ ብቻ ናት፤ 23ቱ የምሥራቅ ናቸው፤ የምሥራቅ ሥርዓተ ቅዳሴ ይከተላሉ። ከ1.4 ቢሊዮኑ ምእመን እጅግ የሚበዛው የላቲኑ ስለሆነ ግን ሌላው በአፍ ልማድ ይዋጣል።

«ሮማን ካቶሊክ» የሚለው ጥምረት ራሱ እንግዳ ነው። የአንድ ከተማ ስም ወስዶ «ሙሉ» ከሚል ቃል ጋር ያጋባል። በእንግሊዝኛ በብዛት መሠራጨት የጀመረው ከአውሮፓው የፕሮቴስታንት ተሐድሶ በኋላ ነው፤ «እኛም ካቶሊክ ነን፤ እናንተ የሮም ናችሁ» ለማለት ለሚፈልጉት ተመቸ። በ1870 በመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ ላይ አንድ ረቂቅ «ቅድስት ሮማዊት ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን» ብሎ ጀመረ። በተለይ ከእንግሊዝ የመጡት ጳጳሳት ተቃወሙ። «ሮማዊት» የሚለው ቀድሞ ሲቀመጥ ሌሎች ዓይነት ካቶሊካውያንም ያሉ ያስመስላል አሉ። በመጨረሻ «ቅድስት፣ ካቶሊካዊት፣ ሐዋርያዊት፣ ሮማዊት ቤተ ክርስቲያን» ሆኖ ጸደቀ። አንድ ቃል ከፊት ወደ ኋላ ሄደ። አራሚ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህን ታሪክ ስሰማ ደስ ይለኛል። የቃል ቅደም ተከተል የሚያስጨንቀው እኔን ብቻ አይደለም ለካ።

ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭም ቃሉ ይኖራል። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ «ካቶሊክ» እና «ፕሮቴስታንት» ከእምነት ይልቅ የየትኛው ወገን ልጅ እንደሆንክ መለያ ሆነው ቆይተዋል። የታወቀችው ቀልድ ናት፦ ሰውየውን መንገድ ላይ አስቁመው «ምንድነህ?» ይሉታል። «እኔ በእግዚአብሔር አላምንም» ይላል። «እሱስ እሺ፤ ግን የማታምነው በካቶሊኮቹ ነው በፕሮቴስታንቶቹ እግዚአብሔር?»

እኛም ብንሆን ቃሉን ከሃይማኖት ውጭ የምናውልበት አንድ ቦታ አለን። ከጉዳዩ ባለቤት በላይ ለጉዳዩ የሚቆረቆር ሰው ስናይ «ከጳጳሱ በላይ ካቶሊክ» እንለዋለን። ሠርገኞቹ ሳይቸኩሉ የሚቸኩል ሚዜ፣ አለቃው የፈቀደውን የሚከለክል ዘበኛ። አባባሉ ከውጭ የገባ ይመስለኛል፤ ግን ቤተኛ ሆኗል። ሳስበው ያስቀኛል። ሁሉን አቅፎ በሙላት እንዲይዝ የተሠራው ቃል፣ በዕለት ንግግራችን የሚያገለግለን ድርቅ ያለ ሰው ለመንቀፍ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ ገጥሞኛል። በዚህ ወር የማርመው የትርጉም ረቂቅ «ካቶሊሲዝም» በሚለው ቃል የታጨቀ ነው። «ኢዝም» የሚል ጅራት ሲመጣ አማርኛ ጆሮዬ የሚሰማው ፓርቲ ነው፤ ሶሻሊዝም፣ ካፒታሊዝም፣ ካቶሊሲዝም። ማኅተምና ሊቀ መንበር ያለው ነገር ይመስላል። ወዳጄን ጠየቅኋት፤ «እኛ ቤት እንዲህ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም» አለችኝ። እሷ «ቤተ ክርስቲያን» ወይም «እምነታችን» ነው የምትለው። እውነትም ቃሉ ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ቃል ነው፤ የታሪክ ጸሐፊ፣ ተመራማሪ፣ ተከራካሪ።

አማርኛ ምን አለው? «ክርስቲያን» ሲል «ክርስትና» ይላል፤ ቆንጆ ነው። «ካቶሊክና» ግን አይባልም። «ካቶሊክነት» አለ፤ ይህ ካቶሊክ ሆኖ መገኘት ነው፣ የሰውየውን ማንነት ይናገራል። «የካቶሊክ እምነት» አለ፤ ይህ ትምህርቱን ይይዛል፤ ሥርዓቱን፣ ታሪኩን፣ ሥዕሉን፣ ዜማውን ግን ውጭ ይተዋል። «ካቶሊካዊነት» አለ፤ ይህ ለሁለት ይሠራል። የዚያችን ቤተ ክርስቲያን ጠባይም ይናገራል፣ ጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ ያለውን ሙላትም ይናገራል። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሁለት ቃል አለው። እኛ ለሁለተኛው «ኵላዊነት» ልንል እንችላለን። ያኔ ግን አንባቢው ሁለቱ መንትያ መሆናቸውን አያይም።

ረቂቁ ውስጥ ቃሉን ቆጠርኩት። 41 ጊዜ አለ። ስለ ትምህርቱ የሚያወራውን «የካቶሊክ እምነት» አልኩት። ሰዎቹ ራሳቸውን ስለሚያዩበት መንገድ ሲሆን «ካቶሊክነት» አልኩት። ሁለት ቦታ ላይ «ካቶሊሲዝም» ብዬ እንዳለ ተውኩት፤ ደራሲው ራሱ ቃሉን እየነቀፈው ስለሆነ እንዲቆረቁር ፈለግሁ።

አንዱ ግን ገጽ 112 ላይ አለ። ደራሲው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቃሉን ሁለት ጊዜ ይጠራዋል፤ አንዴ በትልቁ ፊደል፣ አንዴ በትንሹ። ካቶሊክ የሆኑ ሁሉ ካቶሊክ አይደሉም እንደማለት ነው። ጋሼ በሕይወት ቢኖሩ ወረቀቱን ይዤ እሄድ ነበር። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ሰረዝኩ። «ካቶሊክ ሁሉ ሙሉ አይደለም» አልኩ፤ ሰውን የሚሰድብ ሆነብኝ። «ካቶሊክ ሁሉ ኵላዊ አይደለም» አልኩ፤ እውነት ነው፣ ግን ጨዋታው ሞተ። ለጊዜው በእርሳስ ከብቤው ከጎኑ «ጋሼ?» ብዬ ጽፌበታለሁ።